መጽሐፉ ሰባት ሰዓት ሲል

ከፀሐይ ይልቅ መጽሐፍ የሚያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ያውም እዚሁ ሸዋሮቢት፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት አገር።

ሰውየው የልጄ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነው። ከውጭ በእርዳታ በመጣ ባለሥዕል መጽሐፍ ሕፃናቱን ሰዓት ያስተምራል። አንድ ቀን «ልጅዎ አስቸግራለችና ብቅ ይበሉ» ብሎ ላከብኝና ወደ ቀትር ገደማ ሄድኩ።

መጽሐፉን ገልጦ አሳየኝ። አንድ ፈረንጅ ልጅ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ አልጋው ላይ ያዛጋል፤ የግድግዳው ሰዓት ሰባት ይላል። በእነሱ አቆጣጠር ማለዳ መሆኑ ነው፤ የእኛ አንድ ሰዓት።

«ሰባት ሰዓት ጠዋት ነው ብዬ ሳስተምር፣ ልጅዎ ‹ቲቸር፣ ልጁ ወባ ይዞታል› ብላ ክፍሉን ሁሉ አሳመነችብኝ!»

ታዲያ ምን አጠፋች? በእኛ አገር ሰባት ሰዓት፣ በዚያ ቃጠሎ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚተኛ ወባ የያዘው ካልሆነ ማን ነው?

«ልጁ ጤነኛ ነው! መጽሐፍ አይሳሳትም!» ብሎ ጮኸብኝ፣ ወባውን እኔ ያስያዝኩት ይመስል። ወዲያው የእጅ ሰዓቱን አየና ደነገጠ።

«ስድስት ሰዓት ሆኗል! ልጆች፣ ለምሳ ውጡ!»

«መምህር፣ በመጽሐፉ ስድስት ሰዓት ገና ጎህ ሲቀድ አይደል እንዴ? የምን ምሳ ነው?» አልኩት።

«ጋሼ ደግሞ! መጽሐፉ ለማስተማሪያ ነው እንጂ ለመኖሪያ መቼ ሆነ?»

እኛ ስንከራከር ልጄ መጽሐፉን ወስዳ አንድ ጥግ አቀርቅራለች። ጠጋ ብዬ አየሁ። ለፈረንጁ ልጅ አልጋ በእርሳሷ አጎበር እየሠራችለት ነበር።