በሳሎን የሚያልፍ ወንዝ

የድሮ ካርታ የሚያነብ ወዳጅ አላችሁ? ከሌላችሁ አልሐምዱሊላህ በሉ። የኔው መሐንዲስ ነው፤ ሥራው የመካን ተራራና ሸለቆ የሚያሳይ የጥንት ካርታ ከዛሬው ከተማ ጋር ማስተያየት ነው። እናንተ አስፋልት በምታዩበት እሱ ጎርፍ ያያል።

ባለፈው ሐጂ ሰይድ እዚያው መካ፣ ሩሰይፋ ሰፈር፣ አዲስ ቤት ገብተው ጠሩን። ሰው ሁሉ ስጦታ ይዞ ሲመጣ፣ እሱ ካርታውን ይዞ መጥቶ ምንጣፉ ላይ ዘረጋው።

«ሐጂ፣ ይቺ ሰማያዊ መስመር ዋዲ ናት፤ የጎርፍ መውረጃ። በዚህ በር ገብታ በማድቤት ትወጣለች።»

«ኧረ ኸላስ በል! እዚህ የቧንቧውም ውሃ የሚመጣው በስንት ልመና ነው!» አሉ ሐጂ።

«ውሃ መንገዱን አይረሳም፣ ሐጂ።»

ስቀን ሳንጨርስ ሰማዩ አጉረመረመ። ሐጂ ምንም እንዳልሰማ ሰው ቀስ ብለው ምንጣፉን መጠቅለል ጀመሩ። ባለቤታቸው ጫማችንን ከደጅ ሰብስበው ቁም ሳጥን አናት ላይ ደረደሩት። ጠብታ ግን አልወረደም።

እንዲህ ያለውን ሟርተኛ ማን ያምናል? እኔማ በማግስቱ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ የኔንም ቤት ካርታው ላይ እንዲያይልኝ ደወልኩለት። ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

«ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው?» አለኝ።

የምኖረው ምድር ቤት ነው።