ለዘር የቀረችው ዱባ

ጓዶች፣ ዛሬ ዲግሪዬን ዱባ ነጠቀኝ። ቁጭ በሉና ስሙኝ።

እንደምታውቁት ሶዶ ውስጥ የሰብል ባለሙያ ነኝ። ስለ ዘር መረጣ ለገበሬ ስልጠና እሰጣለሁ። በፓወርፖይንት!

አከራዬ እማማ ማርታ ጓሮ ውስጥ ዱባ አላቸው። ባለፈው ሳምንት ሁሉንም ሰብስበው አንዷን ብቻ ሐረጉ ላይ ተዉአት። ከሥሯ ደረቅ ሳር ጎዝጉዘውላታል። እኔ ምን አልኩ? "ረስተዋት ነው።" ሳር ጎዝጉዞ የሚረሳ ሰው አይታችኋል?

ዛሬ ጠዋት በዴሳ ከተማ ለቅሶ ሄዱ። ደክሟቸው ሲመለሱ ትኩስ ነገር ይጠብቃቸው ብዬ ዱባዋን ቆረጥኳት። ልጣጯ ለስላሳ ነበር። ደስ አለኝ። መደንገጥ የነበረብኝ ያኔ ነበር እኮ።

በበርበሬ አቁላልቼ ወጥ ሠራሁ። ፎቶ አንስቼ ስቶሪ ላይ ለጠፍኩ። ላይክ ያደረጋችሁ እናንተም ከደሙ ንጹህ አይደላችሁም።

እማማ ሲመጡ ቀጥታ ወደ ጓሮ ሄዱ። ቆዩ። ከዚያ ደጃፌ ላይ ቆመው "ዘሯስ?" አሉኝ።

ዘሯን ከቆሻሻ መጣያው አወጣሁላቸው። ነጭ፣ ልፍስፍስ ያለ፣ ውስጡ ባዶ፤ ዱባዋ ገና ለዘር አልደረሰችም ነበር። ይሄ እንደማይበቅል ለማወቅ መማር አያስፈልግም።

ለካ ዘሩ የሟች እናታቸው ነው። እማማ ሲዳሩ ከትውልድ ቀያቸው ከገሱባ በነጠላ ጫፍ ቋጥረው የሰጧቸው። በየዓመቱ አንድ ዱባ ለዘር እያስቀሩ እስከ ዛሬ አደረሱት። እኔ በአንድ ድስት ጨረስኩት።

አለቀስኩ። ስታለቅስ የምታምር ሴት ደግሞ አይደለሁም።

"በይ ተነሺ። ለአበበች አምና ከዘሩ ሰጥቻት ነበር፤ ቆልታ ካልበላችው" አሉኝ።

እትዬ አበበች ጎረቤታችን ናቸው። ደጃቸው ስንደርስ እማማ እጄን ያዙና "ልጄ ሳታውቅ ቆረጠችብኝ" አሏቸው።

ልጄ አሉኝ። በዚህ ሁሉ መሃል።

እትዬ አበበች ከላይ እስከ ታች አዩኝና ወደ እማማ ዞሩ። "ግብርና ነው የምትሠራው ያልሽኝ?"

"እሷው ነች።"

መሬት ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

እትዬ አበበች ገቡ። ዕቃ ሲንኳኳ ይሰማናል። ይቆያሉ። ለማትሪክ እንኳን እንዲህ አልጸለይኩም። በመጨረሻ በትንሽ ጨርቅ የተቋጠረ ዘር ይዘው ወጡ። አሥራ አንድ ፍሬ! እማማ ጨርቁን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ። ያኔ ነው ምን ላጠፋባቸው እንደነበር የገባኝ።

ቤት ስንገባ ስድስቱን ለራሳቸው አስቀሩና አምስቱን መዳፌ ላይ አደረጉልኝ።

"እኔ ጋ ብቻ አይሁን። አንቺም ጋ ይቀመጥ። ከእኔ ከጠፋ ካንቺ እወስዳለሁ።"

እኔን! ዛሬ ጉዴን ያዩ ሴትዮ!

ይኸው አምስቱን ፍሬ ጠረጴዛዬ ላይ ደርድሬ፣ ዶሮ እንዳይገባ በሬን ቆልፌ እየጠበቅኋቸው ነው። ሽንት ቤት መሄድ ፈርቻለሁ።

በሉ ንገሩኝ፣ የእናታቸውን ዘር ለጨረሰባቸው ሰው የእናታቸውን ዘር አደራ የሚሰጡ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ?