ባለ መነጽሩ ሽማግሌ

[ደባርቅ፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ። በቅሎ አከራዩ አያ ይግዛው ከመናኸሪያው አጥር ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ በቅሏቸው አጠገባቸው ታስራለች። አስጎብኚው ማንያዘዋል ጥቁር መነጽር ሰክቶ ፊታቸው ተገትሯል። ነገ አያ ይግዛው ሽማግሌ ሆነው ዳባት ይወርዳሉ፤ መምህርት መዓዛን ከአባቷ ከመሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ሊለምኑለት። ማንያዘዋል ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። አሁን ግን መላ አግኝቷል፤ መላውም አፍንጫው ላይ ነው።]

ይግዛው፦ አውልቀው አልሁህ!

ማንያዘዋል፦ ምን አደረግሁዎ፣ አያ ይግዛው?

ይግዛው፦ አንተን ላናግር መጥቼ መነጽርህ ላይ ከሚታየኝ ከራሴ ጢም ጋር እያወጋሁ ነው። ደግሞ ጭጋጉ እንዲህ ወርዶ የምን የፀሐይ መነጽር ነው?

ማንያዘዋል፦ የፀሐይ አይደለም። ስማርት ነው፣ ስማርት መነጽር!

ይግዛው፦ ሲማር?

ማንያዘዋል፦ ስማርት!

ይግዛው፦ እሺ፣ ሲማር። ገና ተማሪ ከሆነ ምን አስቸኮለህ? ሲመረቅ ታደርገዋለህ።

[«ሲመረቅ» የምትለዋን ቃል ማንያዘዋል አይወዳትም። ፊቱን ወደ አውራ ጎዳናው አዙሮ፣ አንድ አውቶቡስ እስኪያልፍ ጠብቆ ተመለሰ።]

ማንያዘዋል፦ ካሜራ አለው፣ ይሰማል፣ ይናገራል፣ ይተረጉማል። ለዓይነ ስውር ታፔላ ያነብለታል! ባለፈው ሳምንት ተራራ ያወጣኋት የውጭ አገር እንግዳ፣ ኢንባል፣ አያቷ ዳባት አጠገብ ነው የተወለዱ፤ ስትሰናበተኝ «ለአንተ ይሁን» ብላ ሰጠችኝ።

ይግዛው፦ ለዓይነ ስውር ማንበቡስ ጽድቅ ነው። የአንተ ዓይን ግን ደህና አልነበር?

ማንያዘዋል፦ ቆይ ላሳይዎ። [ወደ በቅሏ ዞሮ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል። ያዳምጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል።] ይኸው፣ ነገረኝ።

ይግዛው፦ ማን ነገረህ? እኔ የሰማሁት ያንተን ብቻ ነው። ልጄ፣ ጠበል ከተጠመቅህ ስንት ጊዜህ ነው?

ማንያዘዋል፦ ለእኔ ጆሮ ብቻ ነው የሚያወራ! «ከፊትህ ያለችው ፈረስ ናት» አለኝ።

ይግዛው፦ በቅሎዬን? ፈረስ?

ማንያዘዋል፦ እ... እዚህ ላይ ትንሽ ስቷል።

ይግዛው፦ ምን ያድርግ፣ እሷኑ ጠይቋት ይሆናል። በቅሎ «አባትሽ ማነው?» ሲሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» ትላለች።

ማንያዘዋል፦ በቅሎዋን ይተዉልኝ! ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ነገ መሪጌታ ቤት ሲገቡ ይህን መነጽር አድርገው ነው።

ይግዛው፦ እኔ? ዓይኑን የታመመ ሽማግሌ ላኩብን ይበሉ?

ማንያዘዋል፦ እርስዎ የሚያዩትን እኔ ውጭ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ በስልክ አየዋለሁ። መሪጌታ ሲጠይቁ መልሱን በጆሮዎ ሹክ እልዎታለሁ። ፊታቸው ጠቆር ሲል እንኳ ሳያመልጠኝ!

ይግዛው፦ እሳቸው ያውቃሉ?

ማንያዘዋል፦ ምኑን?

ይግዛው፦ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠህ እንደምታያቸው።

ማንያዘዋል፦ ካወቁማ ምን ዋጋ አለው? ካሜራው ሲሠራ ይህች ትንሽ መብራት ትበራለች፤ ሰው እንዲያውቅ ተብላ። እኔ ግን ጥቁር ፕላስተር ለጥፌባታለሁ። አሁን ቢሠራ ማንም አያውቅ!

ይግዛው፦ አንተም አታውቅ።

ማንያዘዋል፦ የራሴ ዕቃ! እኔን ምን ያደርግልኛል?

ይግዛው፦ ስማኝ ልጄ። ሰው ሽማግሌን ቤቱ የሚያስገባው ገመናውን አምኖ ነው። እመቤቲቱ ከጓዳ ብቅ ትላለች፣ የታመመም ይተኛ ይሆናል፣ የተቀደደም ምንጣፍ አለ። እኔ አይቼ እረሳዋለሁ። ይህ ሲማር የምትለው ይረሳል?

ማንያዘዋል፦ አይረሳም። ክላውድ ላይ ነው የሚያስቀምጥ። ክላውድ ማለት... ደመና ማለት ነው።

ይግዛው፦ የሰው ገመና ደመና ላይ? ታዲያ ሲዘንብ ማን ያስጠልለናል?

ማንያዘዋል፦ አያ ይግዛው፣ እርስዎ በቅሎ ያውቃሉ፣ ይህን ለእኔ ይተዉት። እስኪ እንሞክረው።

[መነጽሩን በአያ ይግዛው አፍንጫ ላይ አስቀመጠ። ከመነጽሩ ጋር የተገናኘውን ስልክ ኪሳቸው ውስጥ ከቶ፣ ሁለተኛ ስልኩን በእጁ ያዘ። የዚህን የሁለተኛውን ቁጥር «ማኒ» ብሎ መዝግቦታል። ወደ መነጽሩ ጎንበስ ብሎ በእንግሊዝኛ፣ ለማኒ በቪዲዮ እንዲደውል አዘዘ። በእጁ የያዘው ስልክ ግን ጭጭ አለ።]

ማንያዘዋል፦ ኔትወርክ ነው። አሁን ይመጣል።

ይግዛው፦ [ከድንጋዩ ብድግ ብለው] ማንያዘዋል! ጆሮዬ ውስጥ ሴት አለች!

ማንያዘዋል፦ አይደንግጡ። የመነጽሩ ረዳት ናት። ማሽን ናት እንጂ ሰው አይደለችም።

ይግዛው፦ «አያ ይግዛው፣ ደህና አደሩ?» አለችኝ። ስሜን ማን ነገራት?

ማንያዘዋል፦ [ደረቱን ነፍቶ] አላልኩዎም? የማታውቀው የለም!

ይግዛው፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ አንቺስ? ... «የበቅሎዎ እግር ዳነላት?» ትላለች።

ማንያዘዋል፦ አዩ! በካሜራው አይታ መርምራት ነው።

ይግዛው፦ [ጢማቸውን እየዳበሱ] እንዲህ በለኝ። ጨዋ ማሽን ናት።

ማንያዘዋል፦ ኔትወርኩ እስኪመጣ እንለማመድ። እኔ መሪጌታን ልሁን። [ወገቡን ይዞ፣ ሦስት ጊዜ በረዥሙ ስሎ፣ ድምፁን አወፍሮ] «እህህ... እንግዲህ ሽማግሌው፣ ምን እግር ጣላችሁ?»

ይግዛው፦ ማሽኗ ሳቀች።

ማንያዘዋል፦ ምን ያስቃታል?

ይግዛው፦ «ሳሉን ቁጭ አስመሰለው» ትላለች።

ማንያዘዋል፦ ድምፅ ትመረምራለች እኮ! እንቀጥል። «ልጁስ ምን ተምሯል?» ይህን መጠየቃቸው አይቀርም። «በቱሪዝም ዲግሪ አለው» ይበሉ።

ይግዛው፦ አለህ?

[ማንያዘዋል መሬት ላይ የጣለውን የፕላስተር መጠቅለያ በጫማው ጫፍ ይገፋል።]

ይግዛው፦ ማሽኗም «አለው ወይ?» ትላለች።

ማንያዘዋል፦ እሷን ደግሞ ምን አገባት?

ይግዛው፦ «ገና አላገባኝም» ትላለች።

ማንያዘዋል፦ [በንቀት] አማርኛው አልገባትም። የውጭ ዕቃ አይደለች!

ይግዛው፦ ለእኔ መንገር ካሳፈረህ ለእሷ ንገራት። ማሽን ናት ብለኸኛል።

[ማንያዘዋል ግራ ቀኙን ቃኘ። ወያላው ለጎንደር መንገደኛ ይጣራል፤ ወደ እነሱ የሚያይ የለም። ከአያ ይግዛው ጎን ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።]

ማንያዘዋል፦ የለኝም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው ያቋረጥሁት። እናቴ አልጋ ስትይዝ ከእኔ በቀር የሚያስታምማት አልነበረም። እሷ ድና ስትነሳ ጓደኞቼ ሊመረቁ ደርሰዋል፤ ከታናናሾቼ ጋር መቀመጡን አፈርሁ። መዓዛ መጀመሪያ ቀን «የት ተመረቅህ?» አለችኝ፤ «ጎንደር» ብዬ መለስሁ። አንዴ ከአፌ ወጣ፣ ከዚያ ወዲያ መመለሻው ጠፋኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ትምህርት ስታነሳብኝ ወሬ እቀይራለሁ።

[አያ ይግዛው መነጽሩን ደግፈው ለረዥም ጊዜ አዳመጡ።]

ይግዛው፦ ታለቅሳለች።

ማንያዘዋል፦ ማን?

ይግዛው፦ ማሽኗ።

ማንያዘዋል፦ ባትሪው ነው። ሊያልቅ ሲል እንዲህ ድምፅ ያሰማል።

ይግዛው፦ ባትሪው «ነገ ይምጡ» ይላል። «መነጽሩን ግን ደባርቅ ትተውት ይምጡ። አባቴ ዲግሪውን አይጠይቅም፣ ዳዊት ይደግም እንደሆን ነው የሚጠይቅ» ይላል።

ማንያዘዋል፦ ማሽን ደግሞ አባት... [ከድንጋዩ ቀስ ብሎ ተነሳ።] አያ ይግዛው፣ ስሟ ማነው?

ይግዛው፦ መዓዛ።

ማንያዘዋል፦ ወይኔ ሰውዬው! «ማኒ» ስለው «ማዚ» ሰምቶ ለእሷ ደወለ! ማዚ ብዬ ነው እሷን የመዘገብኋት! መብራቷስ? መብራቷን እኔው በገዛ እጄ... እርስዎ ያውቁ ነበር?

ይግዛው፦ ባለፈው ወር ተማሪዎቿን ይዛ ተራራ ስትወጣ በቅሎዬ አንክሳ ነበር፤ የራሷን ነጠላ ቀዳ ያሰረችላት እሷ ናት። የበቅሎዬን እግር የሚጠይቅ ማሽን በደባርቅ የለም።

ማንያዘዋል፦ ታዲያ እንዴት ዝም ይሉኛል?

ይግዛው፦ ነገ ሰው ቤት ገብቼ ልዋሽልህ ነበር ያሰናዳኸኝ። ውሸቱ የእኔ ከሚሆን እውነቱ የአንተ ይሁን ብዬ ነዋ።

ማንያዘዋል፦ እና አሁን... ታየኛለች?

ይግዛው፦ የምትላት ካለህ ቀጥ ብለህ ቁምና ተናገር።

[ማንያዘዋል የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ዘጋ፣ መልሶ ከፈተው። እጆቹን የሚያስቀምጥበት አጣ። በመጨረሻ እንደ ተማሪ አጣምሯቸው በአያ ይግዛው ፊት ቆመ።]

ማንያዘዋል፦ መዓዛ... ዋሽቼሻለሁ። የራሴ ነው ያልሁሽ መኪናም የእኔ አይደለም፣ የአስጎብኚዎች ማኅበር ነው። ያለኝ ሁለት እግር ነው፤ ተራራውን ግን ድንጋይ በድንጋይ አውቀዋለሁ። ትምህርቱን እጨርሳለሁ። እንቢ ብትዪኝም እጨርሳለሁ። አባትሽን በገዛ ቤታቸው ሰርቄ ላያቸው አስቤ ነበር፣ ይቅር በዪኝ። ዳዊትም አልደግምም... ከመዝሙር ሃምሳ ወዲያ ይጠፋብኛል። ብቻ እወድሻለሁ። ይህን እንኳ ዋሽቼ አላውቅም።

ይግዛው፦ ጨረስህ?

ማንያዘዋል፦ [ግንባሩን በክንዱ እየጠረገ] ጨረስሁ። ምን አለች?

ይግዛው፦ [መነጽሩን አውልቀው እያቀበሉት] ምንም። ቅድም «ነገ ይምጡ» ብላኝ፣ አንተ ሳትጀምር መስመሩ ተዘግቷል።

ማንያዘዋል፦ አያ ይግዛው! ታዲያ ይህን ሁሉ ለማን ነው የተናዘዝሁት?

ይግዛው፦ [በቅሏን እየፈቱ] ለሽማግሌህ። ነገ የምለው አጥቼ ነበር፣ ተመስገን አሁን አገኘሁ።