በሻምበል ሽንት ጉዳይ የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ሐሙስ፣ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሰዓት፦ ለ1 ሰዓት ተኩል ተጠርቶ በ2 ሰዓት ከሃያ ተጀመረ።
ቦታ፦ መርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ከፍ ብሎ ያለው ሕንፃ፣ ምድር ላይ፣ ኮሪደሩ ውስጥ። ኮሪደር ሲባል የመንገዱን አይደለም፤ የሕንፃውን መተላለፊያ ማለታችን ነው።

የተገኙ፦
1. ሀጂ ጁነዲን፣ የስኒና የብርጭቆ ጅምላ ነጋዴ፣ ሰብሳቢ
2. ወይዘሮ ሰአዳ፣ የብርድ ልብስና የአንሶላ ነጋዴ፣ አባል
3. ዘከሪያ፣ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ፣ አባል
4. ሩሀማ፣ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ባለቤት፣ አባል
5. ቶላ፣ የተሸካሚዎች ተወካይ፣ አባል
6. አስር አለቃ ሀብተ ወልድ፣ የሕንፃው ጥበቃ፣ ጸሐፊ

ያለ ድምፅ የተገኘ፦ ሻምበል፣ ቡችላ፣ ዕድሜው አራት ወር።

ኮሚቴው ስድስት ሰው ነው፤ ስድስቱም ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል። እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ የፈነዳ ጊዜ የተገኘነው ሦስት ነበርን።

ጸሐፊው ፊደል አልቆጠረም። ይሄ የተደበቀ ነገር አይደለም። ጸሐፊ የተደረገው የሰማውን ስለማይረሳና ስለማይቀባባ ነው። እሱ ይናገራል፣ ሩሀማ ትጽፋለች፣ መጨረሻ ላይ ይነበብለታል። ከዚህ በፊት የነበረው ጸሐፊ ዲፕሎማ ነበረው፤ ሰው ያላለውን ይጽፍ ነበር።

ወደ አጀንዳ ከመገባቱ በፊት ዘከሪያ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ አለ። ጥያቄውም ውሻ ሻምበል ተብሎ ይጠራል ወይ፣ ከተጠራስ በቃለ ጉባኤው ላይ አንቱ ሊባል ነው ወይ የሚል ነው። ጸሐፊው በውትድርና ዘመኑ በአምስት ሻምበሎች ሥር ማገልገሉን፣ ከአምስቱ አንዳቸውም ሲጠራቸው መጥተው እንደማያውቁ፣ ይሄኛው ግን እንደሚመጣ አስረዳ። ረዘም ያለ ውይይት ከተደረገ በኋላ ስሙ እንዲጸና፣ አንቱታው ግን እንዲቀር ተወሰነ።

አጀንዳ አንድ፦ ስለ ደረሰው ጥፋት

ወይዘሮ ሰአዳ ቀድመው ተናገሩ። ማክሰኞ ጠዋት በራቸው ላይ ያደረው የብርድ ልብስ ካርቶን ረጥቦ እንዳገኙት፣ ውሃ መስሏቸው በእጃቸው እንደዳሰሱት፣ ቀጥሎም እጃቸውን እንዳሸተቱት ገለጹ። ዘከሪያ ለምን አሸተቱት ብሎ ጠየቀ። ወይዘሮ ሰአዳ ጥያቄው ከአጀንዳው ውጪ ነው አሉ። ሰብሳቢው ተስማሙ።

ዘከሪያ በበኩሉ የዘይት ፊልትሮ የታሸገበት ካርቶን ከሥሩ ርሶ ስለነበር ቶላ ገና ከመሬት ሲያነሳው እንደተዘረገፈ፣ ፊልትሮዎቹ እየተንከባለሉ አስፋልት እንደወጡ፣ አንዱንም ሚኒባስ እንደዳጠው አስረዳ። ፊልትሮ መኪና ውስጥ ገብቶ ነው እንጂ በመኪና ተረግጦ መበላሸት የለበትም ብሏል። ቶላ ፊልትሮዎቹን ሲያሳድድ ጉልበቱን የተመታው ነገር ይያዝልኝ አለ። ተይዟል።

ሰብሳቢው በተራቸው ሦስት ካርቶን እንደተነካባቸው ተናገሩ። ስኒው ይታጠባል፤ ካርቶን ግን አይታጠብም። ከዚያም በላይ ቡችላው ባያቸው ቁጥር ደስ ብሎት ስለሚዘልባቸው ለሶላት ወደ አንዋር መስጊድ ከመሄዳቸው በፊት ልብስ መቀየር ግድ ይሆንባቸዋል። ባለፈው ዓርብ ሁለት ጊዜ ቀይረው፣ ሦስተኛ ልብስ ስላልነበራቸው የልጃቸውን ጃኬት ደርበው ሄደዋል። ጀርባው ላይ የኳስ ተጫዋች ስም እንዳለበት ያወቁት ከኋላቸው የቆመ ሰው ሲነግራቸው ነው። እዚህ ላይ የሳቀ አለ። ማን እንደሆነ ጸሐፊው ያውቃል፤ አልተጻፈም።

ጸሐፊው መልስ ሰጠ። ሻምበል ከመጣ ወዲህ በዚህ ኮሪደር አይጥ የነካው ብርድ ልብስ አለ ወይ ብሎ ወይዘሮ ሰአዳን ጠየቀ። ወይዘሮ ሰአዳ የለም አሉ፤ ቀስ ብለው ነው ያሉት። ሁለተኛ፣ ጸሐፊው ባለበት ሰዓት አንድ ጠብታ እንኳ እንዳልወደቀ፣ ጥፋቱ ሁሉ የሚደርሰው ጸሐፊው የሌሊት ጥበቃውን ጨርሶ ጎጃም በረንዳ ቤቱ ደርሶ እስኪመለስ ባለችው አንድ ሰዓት፣ አለዚያም ዓርብ ቀን ሱቁ ሁሉ ለሶላት ተዘግቶ ጸሐፊው ምሳ ሲወጣ፣ ማለትም ሻምበል ብቻውን ሲቀር መሆኑን አስታወቀ። ሥልጠናውን እኔው ራሴ ነኝ የሰጠሁት፣ እንከን የለበትም አለ። ሩሀማ ይሄ ባይጻፍ ይሻላል ጋሼ አለች። ተጽፏል።

ዘከሪያ ኮሪደሩ ጣሪያ ላይ ካሜራ አለኝ ብሎ በስልኩ አሳየ። በምስሉ ላይ ጸሐፊው ሲወጣ ይታያል። ሻምበል በሩ ሥር ቆሞ ያለቅሳል። ሲበቃው ኮሪደሩን ከጫፍ ጫፍ ይዞራል፣ ባዶውን ሴራሚክ አልፎ፣ መጥረጊያውን አልፎ፣ ካርቶን መርጦ ይወጣና ይሸናበታል። ዘከሪያ ይሄ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፣ ይሄ ውሻ ነጋዴ አይወድም አለ። ሌላ ማስረጃ አልቀረበም።

አጀንዳ ሁለት፦ ስለ መፍትሔ

ሩሀማ የሕፃናት ዳይፐር ይሞከር አለች፤ በእጇም ይዛ መጥታለች። ጅራቱ ችግር ስለፈጠረ ቶላ በመቀስ ቀዳዳ አወጣለት። ሻምበል ዳይፐሩን ለሦስት ደቂቃ ያህል ከታጠቀ በኋላ አውልቆ በላው። ጥጡን ወይዘሮ ሰአዳ ጠረጉ። ሐሳቡ ወድቋል።

ዘከሪያ ካሜራው ድምፅም ስለሚያወጣ ካለሁበት ሆኜ እቆጣዋለሁ አለ። ለሙከራ ያህል ሱቁ ገብቶ በስልኩ "ሻምበል፣ ተው" አለ። ሻምበል ከጣሪያው የሚናገረውን ሰው እየፈለገ እስከ ላይኛው ፎቅ የሚሰማ ጩኸት አሰማ። ልብስ ሰፊዎቹ ወርደው ምን ሆናችሁ ብለው ጠየቁ። ስብሰባ ላይ ነን ተብለው ተመልሰዋል።

ቶላ ማታ ማታ ካርቶኖቹ ሁሉ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብለው ይቀመጡ የሚል ሐሳብ አቀረበ። በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው ተባለ። ሰብሳቢው ማን ያነሳቸዋል ብለው ጠየቁ። ሁሉም ቶላን አዩት። ቶላ ሐሳቡን ከአጀንዳው አነሳ፤ ካርቶኑን ሳይሆን ሐሳቡን ነው ያነሳው።

ወይዘሮ ሰአዳ ጸሐፊው ውሻውን ለምን ቤቱ ይዞት አይሄድም አሉ። ጸሐፊው አከራዩ ዶሮ እንኳ እንደማያስገቡ፣ ባለፈው ፋሲካ ያመጣትን ዶሮ በር ላይ እንዳሳረዱት መለሰ። ረዘም ያለ ውይይት ከተደረገ በኋላ መፍትሔ እንደሌለ ተወሰነ።

አጀንዳ ሦስት፦ ሻምበልን ስለ መሸኘት

ሀጂ ጁነዲን ክፋት የለኝም ካሉ በኋላ፣ ሰበታ የሚኖረው የሚስታቸው ወንድም ሰፊ ግቢና ላሞች እንዳሉት፣ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ አይሱዙ ወደዚያ እንደሚሄድ፣ ሻምበልም አብሮ ቢሄድ ለሁሉም እንደሚበጅ ገለጹ። ድምፅ ተሰጠ። አራት ደገፉ። ጸሐፊው ተቃወመ። ሩሀማ እየጻፍኩ ስለሆነ እጄን ማውጣት አልችልም ብላ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። በድምፅ ብልጫ ሻምበል እንዲሄድ ተወሰነ።

ጸሐፊው የሚናገረው እንዳለው ገልጾ ተፈቀደለት። "አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ ኮሪደር ውስጥ ከቁልፍ ጋር ነው ያወራሁት። ይሄ ግን ይመልስልኛል" አለ። ከዚያ በኋላ የሕንፃውን አሥራ አራት ቁልፎች ሰብሳቢው ፊት አስቀምጦ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ጥበቃ ፈልጉ አለ። ሩሀማ መጻፍ አቆመች። ጸሐፊው ጻፊ አላት። ይሄም ተጽፏል።

አጀንዳ አራት፦ ያልተያዘ አጀንዳ

ውሳኔው ይፈጸም ተባለና ቶላ ሻምበል የሚሄድበት ባዶ የስኒ ካርቶን አመጣ። ውሻው በጸሐፊው በራሱ እጅ ተነስቶ ካርቶኑ ውስጥ ገባ። ሁለቴ ዞረ። ቁጢጥ አለ። ሳይቸኩል፣ ሳያፍር ሸና። ሲጨርስ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ጸሐፊውን ሽቅብ ያየው ጀመር።

ጸሐፊው "ጎበዝ" አለው። ከኪሱም ዳቦ ቆርሶ ሰጠው።

ሀጂ ጁነዲን ቆይ ቆይ አሉ። "ሀብተ ወልድ፣ አሁን ምን አልከው?"

"ጎበዝ።"

"ለምኑ?"

ጸሐፊው የዳቦውን ፍርፋሪ ከእጁ አራገፈ። ሰብሳቢው ጥያቄውን ደገሙ። ጸሐፊው ያኔ ሻምበል በመጣ ሰሞን እንዴት እንዳሠለጠነው ዘርዝሮ ተናገረ። ከኋላ በር ካርቶን ይዘረጋለታል። ሽንቱ ሲመጣ ተሸክሞ እላዩ ላይ ያቆመዋል። ሲሸና ጎበዝ ይለዋል፣ ዳቦ ይሰጠዋል። ሴራሚክ ላይ ከሆነ ዳቦ የለም። እንዲህ ሃያ ቀን ሠራ። ከሃያ ቀን በኋላ ሻምበል ካርቶን ካልሆነ የማይሸና ሆነ።

ወይዘሮ ሰአዳ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አዩ። እስከ ጣሪያው ካርቶን ነው። የተቀመጡበትም ካርቶን ነው። ተነሱ።

ቶላ "ፋዘር፣ መርካቶ መሀል ካርቶን ላይ ሽና ብለው አስተማሩት? እሱ ምን ያድርግ? እርስዎ ሲወጡ ራሱ ፈልጎ ነው ቦታው የሚሄድ" አለ።

ዘከሪያ ምስሉን እንደገና አየው። ነጋዴ አይወድም ያልኩት ይሰረዝልኝ ብሎ ጠየቀ። ጸሐፊው ስርዝ የለም አለ። ሀጂ ጁነዲን እስከ እንባቸው ሳቁ፤ መሐረባቸውን እስኪያገኙ ስብሰባው ተቋረጠ። ሲመለሱ "በዚህ ሕንፃ ውስጥ የተባለውን የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱንም ልናባርር ነበር" አሉ። ሰው ያሉት ሻምበልን ነው። እንዲታረም አልጠየቁም።

ቀጥሎ ሻምበል በምን ላይ እንዲሸና እንደገና ይሠልጥን የሚለው ለውይይት ቀረበ። ጆንያ ተባለ። ቶላ ጆንያ ትከሻችን ላይ የምንደርበው ነው ብሎ ተቃወመ። ጋዜጣ ተባለ፤ ሩሀማ እኔ ጋ በኪሎ ነው የምሸጠው አለች። ጨርቅ ሲባል ወይዘሮ ሰአዳ ተቆጡ። ምንጣፍ ሊባል ሲል ሀጂ ጁነዲን ቀና አሉ፤ ሳይባል ቀረ። ላስቲክ ተባለ፤ ከጎናችን ያለው ተራ በሙሉ ላስቲክ እንደሆነ ታወሰ። ሰብሳቢው እስቲ መርካቶ ውስጥ የማይሸጥ ነገር ፈልጉ ብለው አዘዙ። ይሄ ሩብ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ቶላ አፈር አለ። ወይዘሮ ሰአዳ አፈርም ከአበባ ጋር በገንቦ ይሸጣል አሉ፤ ግን እዚህ ኮሪደር ውስጥ አይሸጥም ተብሎ ጸደቀ። አፈሩ የሚሞላበት አሮጌ ጎማ ዘከሪያ እንዲሰጥ ተጠየቀ። ዘከሪያ ጎማው አሮጌ አይደለም፣ ያገለገለ ነው አለ። ሰጥቷል።

ጠዋት ብቻውን የሚቀርባትን አንዲት ሰዓት በሚመለከት ማንም እጁን አላወጣም። ሀጂ ጁነዲን ራሳቸው ተናገሩ። "እኔ ቀድሜ እመጣለሁ። አልነካውም፣ እሱም አይነካኝም፤ ገመዱ አጠር ይበል። ግን ወንበር አውጥቼ ሰው እንዳለ እንዲያውቅ አወራዋለሁ።" ዘከሪያ ስለ ምን እንደሚያወሩት ጠየቀ። ስለ ስኒ አሉ። ዓርብ ቀን ሩሀማና ቶላ እንዲቆዩ ተደረገ።

ወይዘሮ ሰአዳ አሠልጣኙ ይለወጥ ወይ አሉ። ረዘም ያለ ውይይት ሳይደረግ፣ ማስተማሩን ይችልበታል፣ ምን እንደሚያስተምር ብቻ ከኮሚቴው ይጠይቅ ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ጸሐፊው ራሱም እጁን አውጥቷል።

ስብሰባው በ4 ሰዓት ከአሥር፣ ደንበኛ በሩን ሲደበድብ ተበተነ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ስሙ ሻምበል መሆኑ ካልሆነ በቀር እስከ አጀንዳ ሦስት የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል፤ እንዳልተባለ ይቆጠራል። ሻምበል ሰበታ አይሄድም። ቁልፎቹ ለጸሐፊው ተመልሰዋል፤ ወስዷቸዋል።

ወይዘሮ ሰአዳ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ ብለው ነበር። ሀጂ ጁነዲን ይቅር፣ ትልቅ ሰው ነው አሉ። ጸሐፊው ሩሀማን ጻፊ አላት። ጥፋቱ የጸሐፊው ነው። ጸሐፊው ማለት እኔ ነኝ። ሻምበል አንድም ቀን አላጠፋም።