ክብርት ጌይኖር በጎን ወንበር

በየሰፈሩ ሳይጠሩት አቤት የሚል አንድ ዳኛ አይጠፋም። ለኛ፣ እዚህ ደቡብ ዌልስ ሸለቆ ውስጥ፣ የተሰጡን ክብርት ጌይኖር ፕሮበርት ናቸው። ጎረቤቴ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ለልጆች ምሳ ሲያወጡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ድመቷ የማን እንደሆነች፣ የቆሻሻ በርሜሉን ማን እንዳንቀሳቀሰው፣ ሟች የተወው የእርግብ ቤት ለየትኛው ልጁ እንደሚገባ፣ እሳቸው ሳይፈርዱበት ያደረ ነገር የለም። «አበቃ፣ ወደየቤታችሁ» ካሉ ይግባኝ የለም።

አንድ ቀን መንግሥት ተራ ሰው ያለ ደመወዝ ፍርድ ቤት ገብቶ እንዲዳኝ እንደሚፈልግ አነበቡ። የሕግ ትምህርትም አያስፈልግም ይላል። ለማን ነገሩት!

ነገሩ ግን እንዳሰቡት አልቀለለም። መጀመሪያ ችሎት ሄደው መታዘብ ነበረባቸው፤ ከኋላ ወንበር ላይ ሦስት ቀን አፋቸውን ዘግተው ዋሉ። ከዚያ ሁለት ቃለ መጠይቅ መጣ። ከመጀመሪያው ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል። ሐሳብዎን የቀየሩበትን ጊዜ ይንገሩን ብለዋቸው ኖሯል።

«ኤምሪስ፣ ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው» አሉኝ። «ብፈልግ ብፈልግ አንድም አላገኘሁም።»

ለጠያቂዎቹም ይህንኑ እውነት ነግረዋቸው ነበር፤ ደግነቱ ፈተናውን አለፉ። ሥልጠናው ሲጀመር የቅጣት መመሪያውን አውቶቡስ ላይ ሳይቀር ያነቡ ነበር። እስር ቤት ወስደው ካስጎበኟቸው በኋላ ግን ሁለት ቀን ሙሉ በማንም ላይ አልፈረዱም፣ እኛም ታመሙ ብለን ሰጋን። በመጨረሻ በትልቅ ዳኛ ፊት ቆመው፣ ያለ ፍርሃትና ያለ አድልዎ፣ ያለ ፍቅርና ያለ ጥላቻ እፈርዳለሁ ብለው ማሉ።

ቦታቸው ከሦስቱ ዳኞች የጎን ወንበር ሆነ። በችሎት የሚናገረው የመሐሉ ዳኛ ብቻ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ዓመታት መቆየት፣ እንደገና ሠልጥኖ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ክብርት ጌይኖር ዝም ብለው ሊቀመጡ! ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ይባስ ብሎ የኛን ጠብ መዳኘትም ተዉ። ስለ ድመቷ ስንጠይቃቸው ማስረጃ አላችሁ ወይ ይሉን ጀመር።

ከዚያ ተራው የኔ ሆነ። እኛ አገር መንደር ውስጥ በሰዓት ከሃያ ማይል በላይ መንዳት ክልክል ነው፤ እኔ በሃያ ሰባት ስበር ካሜራ ያዘኝ። ዘጠኝ የጥፋት ነጥብ ነበረብኝ፤ ሦስት ሲጨመር አሥራ ሁለት ይሞላና መንጃ ፈቃዴ ለስድስት ወር ይነጠቃል። እናቴን በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ከተራራው ማዶ ሆስፒታል የማመላልሳት እኔ ነኝ። የሆስፒታሉ መኪና ሲያስጠብቃት አንዴ ራሷን ስታ ወድቃለች። እንግዲህ ይህን ተናግሬ ፈቃዴን እንዳይነጥቁኝ ልለምን ችሎት ገባሁ።

ቀና ስል በግራ ወንበር ማንን ባይ ጥሩ ነው? አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የእናቴን ነገር ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ዘመድ ከዘመዱ አልኩ በልቤ።

አንዴ አዩኝ። ወደ መሐሉ ዳኛ ጆሮ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር አንሾካሾኩ።

«ባልደረባችን ተከሳሹን ስለሚያውቁት ይህን ጉዳይ አያዩም» አለ ዳኛው።

ወረቀታቸውን ሰብስበው ወጡ። የቀሩት ሁለቱ በትሕትና ሰሙኝ፤ የሆስፒታል መኪና እስካለ ድረስ ችግሩ ከሌላው ሰው የተለየ አይደለም ብለው ፈቃዴን ወሰዱት። በአውቶቡስ ወደ ቤት ስመለስ በንዴት ጨስኩ። ሁለተኛ ሰላም ብላቸው ምን አለ በሉኝ አልኩ።

ማክሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በራችን ላይ የመኪና ጡሩምባ ተነፋ። ክብርትነታቸው መኪናቸውን አሙቀው፣ የፊት ወንበሩ ላይ ለእናቴ ብርድ ልብስ አንጥፈዋል። እኔን ከኋላ ጫኑኝ። በአሥራ ስምንት ማይል ሲነዱ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች፤ ስለ ክሱም ትንፍሽ አላሉም። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፣ ስድስት ወር ሙሉ አንድም ቀን አላረፈዱም። እኔም እንዲህ ያለ ሰው ላይ ቂም መያዝ አቃተኝ።

በመጨረሻው ቅዳሜ አላስችለኝ አለ። ያን ቀን ባይወጡ ኖሮ ምን ይፈርዱልኝ ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው።

በመስተዋቱ አዩኝ።

«ልክ እንደነሱ እፈርድብህ ነበር» አሉ። «ማክሰኞ ጠዋትም እመጣ ነበር።»