ሁሉን አወቁ ተከራይ

በሱሉልታ ከተማ፣ ከወተት መሰብሰቢያው ጀርባ፣ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩት፣ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ረዳት የሆኑት ክቡር አቶ ዓባይነህ፣ ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የማንኛውም ፍጡር ልብ ውስጥ ሳያንኳኩ ገብተው የመመርመር ሥልጣን የተሰጣቸው መሆኑን ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ሕዝብ በዚህ እናስታውቃለን። ሥልጣኑን የሰጡት ራሳቸው ናቸው።

እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። "ደክሞኛል" ስትለው "አይ፣ የተቀየምከኝ ነገር አለ" የሚልህ፣ ስለ አንተ ከአንተ የተሻለ የሚያውቅ። የዓባይነህ ልዩነቱ ደብተር መግዛቱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚሰጥ የድርሰት ሥልጠና ላይ አስተማሪው "ሁሉን አወቅ ተራኪ የገጸ ባሕርያቱን ሁሉ ልብ ያውቃል" ሲሉ ሌላው ተማሪ ማስታወሻ ያዘ። ዓባይነህ ሹመት ተቀበለ።

ከዚያ ወዲያ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሥራ በሚወርድበት ሚኒባስ ውስጥ ከእሱ ጎን የተቀመጠ ሰው አበቃለት።

"ያቺ ሴትዮ ባሏን ልትፈታ ነው።"

"ነገረችህ እንዴ?"

"ሰውን መጠየቅ የደካማ ደራሲ ሥራ ነው።"

ልብ ወለዱ አራት ደብተር ሞላ። ገጸ ባሕርያቱ አከራዩ ኦቦ ባጫ፣ ሚስታቸው ወይዘሮ ተረፈችና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ልጃቸው ላሊሴ ናቸው። በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሰበብ ቀያሾች መጥተው በኦቦ ባጫ የገብስ ማሳ ላይ ችካል ተክለው ሄደዋል። ይህን ጉዳይ በተመለከተ የግቢው ውሻ እንኳ ያለው አቋም በሁለት ገጽ ተብራርቷል። ስሞቹ ሁሉ እውነተኛ ናቸው። "ስም የሚቀየረው ማተሚያ ቤት በር ላይ ነው፤ ቀድሜ ከቀየርኩት ልባቸው ይደበቅብኛል" ይላል።

በምዕራፍ ሰባት ላሊሴ ከጓደኞቿ ጋር የፍቼን መንገድ በድንጋይ ትዘጋለች። ማንም አልነገረውም፤ እሱ ይህን ሲጽፍ ልጅቷ ከግድግዳው ማዶ ፊዚክስ ታጠና ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን በማስተር ፕላኑ ላይ የተነሳው ተቃውሞ ሱሉልታ ደረሰና መንገዱ የምር በድንጋይ ተዘጋ። ሌላው ተከራይ ዱቄትና ዘይት ፍለጋ ሲራወጥ ዓባይነህ አልጋው ላይ ተጋድሞ በራሱ ተደነቀ።

በማግስቱ ጠዋት መንገድ የዘጉትን የሚያድኑ ፈታሾች ቤት ለቤት ሲዞሩ ግቢው ደረሱ። አዛዣቸው የዓባይነህን ደብተሮች ከፍራሹ ሥር አወጣ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ልብ ወለድ ነው፣ ጌታዬ።"

አዛዡ ተቀምጦ ማንበብ ጀመረ። ዓባይነህን ከሁለት ገጽ በላይ ያነበበው ሰው እስከዚያች ቀን አልነበረም፤ ይሄኛው ጣቱን በምራቅ እያራሰ ገጽ ይገልጣል። ደራሲው ልቡ ሞቀ። "ምዕራፍ ሰባት ላይ ይበልጥ ይጠነክራል" ብሎ ጠቆመው።

አዛዡ ምዕራፍ ሰባትን አነበበና ቀና አለ። "ላሊሴ ማናት?"

ልጅቷ በሩ ላይ ከአባቷ ጎን ቆማለች። ዓባይነህ ምን እንደሠራ ያን ጊዜ ገባው።

"ፈጥሬ ነው የጻፍኩት።"

"ድንጋዩን ስታነሳ በልቧ ያለችውን ሳይቀር ጽፈሃል። ሳትነግርህ?"

"የማውቀው ነገር የለም።" ቃሉ እንደ መንጋጋ ጥርስ ተነቅሎ ወጣ።

"የውሻውን ሐሳብ አውቀህ የእሷን አታውቅም? አንቺ፣ ጫማሽን አድርጊ።"

ላሊሴ የአንድ እግሯን ጫማ አደረገች። ዓባይነህ ቀደመና ደብተሩን አመለከተ። "ጌታዬ፣ ምዕራፍ ሁለትን ጮክ ብለው ያንብቡልኝ። ከዚያ ኦቦ ባጫን ይጠይቋቸው።"

አዛዡ አነበበ። "'ኦቦ ባጫ ተከራዩን ባዩ ቁጥር፣ ይህም አንድ ችካል ነው፣ ነቅዬ በጣልኩት ይሉ ነበር በልባቸው።'" ከዚያም ሽማግሌውን አያቸው። "እንዲህ ብለዋል?"

ኦቦ ባጫ የልጃቸውን ባዶ እግር አዩ።

"ያ ዋቃ፣ አንተ አምላክ" አሉ ተከራያቸውን እያዩ። "እኔ ነኝ ይህን ያልኩት? ታይፎይድ ጥሎህ አሥር ቀን ስትተኛ ተረፈች ወተት የምታፈላው ለችካል ነበር?" ወደ አዛዡ ዞሩ። "ጌታው፣ ይህ ሰው አሥር እርምጃ ርቄ የምኖረውን እኔን አያውቀኝም። የልጄን ልብ ከየት ያውቃል?"

አዛዡ ሳቀ። "ደራሲ ተብዬ" አለና ደብተሮቹን አልጋው ላይ ወርውሮ ወደ ጎረቤት ግቢ አለፈ። ላሊሴ አንድ እግሯ ባዶውን እንደሆነ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

"ኦቦ ባጫ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለ ዓባይነህ።

"ግባና ሻይ ጠጣ።" ሽማግሌው ማሳቸውን ትንሽ አዩ። "ያቺን የችካሏን ነገር ግን ደህና አድርገህ ጽፈሃታል።"

ዓባይነህ ፊታቸውን አጥብቆ አየ። አንድም ነገር አላነበበም። ጥያቄውን ከሻዩ ጋር ዋጠው። ያ የሰው ልብ መርማሪ ዛሬ አራቱን ደብተሮች ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በእርሳስ "ምናልባት" እያስገባባቸው ነው፤ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ እርሳሱን ያስቀምጣል።

አንተ አንባቢ፣ ሱሉልታ ብቅ ካልክ ኦቦ ባጫን ቅዳሜ ገበያ አታጣቸውም። እውነት በልባቸው ብለውት እንደሆነ በጨዋ ደንብ ጠይቅልን። መልሳቸውን ግን ለዓባይነህ ከመንገርህ በፊት፣ እባክህ እርሳሱን ቀማው።