ሟቹ በሦስተኛው ረድፍ

ይሉኝታን የሚያህል ሀብት የለም። መሥሪያ ቤታችን በዚህ ሀብት ከበለጸጉት አንዱ ነው፤ እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት አንድም ሰው ሌላውን ፊት ለፊት «ተሳስተሃል» ሲል ሰምቼ አላውቅም። የሚሳሳት ጠፍቶ ግን አይደለም።

በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጃችን ሁለት ነገር ሊያሰሙን ተነሡ፤ የበር ጠባቂያችንን ዜና ዕረፍትና የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ ሹመት። ሠራተኛውን ስለ ጠባዩ «ጨዋው» እንለዋለን። ይህችን ሹመት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቋታል። ሥራ አስኪያጁ ግን የማንበቢያ መነጽራቸውን ረስተው ነበርና ስሞቹ ተቀያየሩባቸው። ሟቹን በር ጠባቂ የመዝገብ ቤት ኃላፊ አድርገው ሾሙት፤ ጨዋውን በተሰበረ ድምፅ ተሰናበቱት።

ለሹመቱ አጨበጨብን። ለሐዘኑ ተነሥተን ቆምን። ጨዋውም ከሦስተኛው ረድፍ ተነሥቶ አንገቱን ደፋ።

«ምነው ታዲያ ዝም አልክ?» አለችው ሚስቱ ቤት ሲገባ።

«በሁለት መቶ ሰው ፊት ላዋርዳቸው?»

«እና ሞተህ ልትቀር ነው?»

«ራሳቸው ያስታውሱታል። ከመሞት መሰንበት ይባል የለ።»

«እሱን ሳትሞት ብትለው ጥሩ ነበር።»

በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ አበባ ጠበቀው። ባልደረቦቹ ኮሪደር ላይ ሲያገኙት ምን እንደሚሉት ቸግሯቸው ሰዓታቸውን ያያሉ። አዲሱ ኃላፊ ግን ከቀደሙት ሁሉ በላይ ተመሰገኑ፤ አይቆጡም፣ ስብሰባ አያበዙም፣ አንድ ፋይል እንኳ አልጠፋባቸውም።

ጨዋው በመጨረሻ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ሄደ።

«ፋይልህ ተዘግቷል፣ ወንድሜ» አለችው ጸሐፊዋ። «በሕይወት አለ ብዬ ብጽፍ ሥራ አስኪያጁን ዋሹ ማለቴ ነው። አንተ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አትወድም።»

«አልወድም» አለ ጨዋው።

ሲወጣ ደረጃው ላይ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ግጥም አሉ። ሰውየው ደንግጠው ቆሙ። ጨዋውን አሳዘኑት።

«የሟቹ ወንድም ነኝ፣ ጌታዬ» አላቸው።

ሥራ አስኪያጁ ግራ ቀኝ አይተው ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። «እኔኮ የዚያን ዕለት ስትነሣ አይቼሃለሁ። ስሕተቴም ገብቶኛል። ግን ያ ሁሉ ሰው ከልቡ እያዘነ ‹ቁጭ በሉ፣ አልሞተም› ብዬ እንዴት ላሳፍረው?»

«እውነትዎን ነው።»

«አንተም አላሳፈርከኝም፤ ውለታህን አልረሳም። የወንድምህ ቦታ ክፍት ነው። አመልክት።»

ጨዋው አመለከተ፤ ተቀጠረም። የሙከራ ጊዜው ስድስት ወር ነው። ለቦታው ብቁ መሆኑን የሚመዝኑት በደንቡ መሠረት የቅርብ አለቃው፣ ማለትም የቀድሞው በር ጠባቂያችን ናቸው።

እስካሁን ቅሬታ አላሰሙበትም።